በሬ ሸጦ ትራክተር? ለትንሽ ማሳ የመጀመሪያውን ትራክተር ከመግዛት በፊት

አጎቴ ጎንደር ዙሪያ ካለችው ከማክሰኚት ደወሉልኝ። የእሳቸው ሰላምታ ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ያን ቀን ግን በአንድ «እንደምን ዋልኽ» አለፉት።

«እስኪ አንተ ከተሜው ንገረኝ። ባለ 25ቱ ይሻላል ባለ 50ው?» አሉኝ። ትራክተር ማለታቸው ነው፤ ቁጥሩም የፈረስ ጉልበቱ ነው።

«አያ፣ ምን ሊሠሩበት ነው?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። «ላርስበት ነዋ! ልድረው መሰለህ?»

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። አዘዞ ጋራዥ በር ላይ ይሰማል፤ ቆላ ድባ ገበያም ይሰማል። ጥሩ የእርሻ በሬ ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ግጦሹ ጠቧል። በሬ የሚጠብቀው ልጅ ወይ ትምህርት ቤት ነው ወይ ከተማ ገብቷል። ከከተማ ወጥቶ ሁለት ሦስት ሄክታር ተከራይቶ ሽንኩርት ልትከል የሚለውም አለ። ሁሉም ወሬውን የሚጀምረው ከፈረስ ጉልበት ነው። እኔ ግን አጎቴን ካሳቀቻቸው ጥያቄ ብጀምር ይሻለኛል፤ ሌላው ሁሉ የሚመዘዘው ከእሷ ነው።

ኮምፓክት የሚባለው የትኛው ነው?

የጎንደር ሰው ትራክተር ሲባል ዐይኑ ላይ የሚመጣው መተማና ሁመራ ሰሊጥ ማሳ ላይ የሚሠራው ግዙፉ ነው። ያ ለሰፊ ሜዳ የተሠራ ነው። ሌላው ጫፍ ላይ ባለ ሁለት ጎማው አለ። ሰው ከኋላ ሆኖ እጀታውን ይዞ እየተከተለ የሚነዳው፣ ፎገራ ሩዝ ማሳ ላይ የሚታየው ዓይነት። ኮምፓክት ትራክተር የሁለቱ መሀል ነው። አራት ጎማ አለው፣ ተቀምጠው ይነዱታል፣ ከኋላው የእርሻ ዕቃ ያነሳል። ጉልበቱ በጥቅሉ ከ20 እስከ 50 ፈረስ ይደርሳል። ትልቁ ሲኖትራክ፣ ባለ ሁለት ጎማው ባጃጅ ከሆነ፣ ኮምፓክቱ ሚኒባስ ነው በሉት።

ለመሆኑ ያስፈልገኛል?

እዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት ያስፈልጋል። አጎቴ 8 ቃዳ መሬት አላቸው። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ስለሆነ 2 ሄክታር መሆኑ ነው። ያውም ሦስት ቦታ የተበጣጠሰ። በጥንድ በሬ አንዷን ቃዳ ማረስ ቀኑን ይይዛል።

አሁን አንድ ሜትር ስፋት የሚያርስ ዕቃ ያሰረ ትራክተር እናስብ። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በወረቀት ሲሰላ በሰዓት 5,000 ካሬ ሜትር ያርሳል ማለት ነው። ግን ማሳው ጫፍ ላይ ይዞራል፣ ድንጋይ ሲያገኘው ይቆማል፣ የታረሰውን በትንሹ ይደርባል። ከዚያ ላይ 30 በመቶ ቀንሱ። 3,500 ካሬ ይቀራል። አንድ ቃዳ 2,500 ካሬ ሜትር ስለሆነች በ43 ደቂቃ ገደማ ታልቃለች። 8 ቃዳ ስድስት ሰዓት አይሞላም። ለጤፍ ነው ብለን ብንገምስ፣ ብንደግም፣ ብንሠልስ፣ አራተኛም ብንጨምር ድምሩ 23 ሰዓት ነው።

ሃያ ሦስት ሰዓት። ሦስት የሥራ ቀን!

ይህን ስነግራቸው አጎቴ ወዲያው ገባቸው። «ሌላውን ጊዜ ምን ሊሠራ ነው?» አሉ። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። በሬ ሥራ ሲፈታ ድርቆሽ ይበላል፤ ይወልዳል ባይባልም ይሸጣል፣ ይታረዳል። ትራክተር ሥራ ሲፈታ የባንክ ወለዱ ይቆጥራል።

ስለዚህ ለ8 ቃዳ ብቻ ብሎ ትራክተር መግዛት ሒሳብ አይገጥምም። ሒሳቡ የሚገጥመው የጎረቤት መሬት በክፍያ ሲታረስበት ነው። ወይም ተሳቢ ታስሮ እህል፣ ድንጋይና ፍግ ሲያመላልስ። ወይም ውኃ ፓምፕና መውቂያ ሲያዞር። የእርሻ ኪራይ ብቻውን የሚያሳስት ጠባይ አለው። ዝናቡ ሲጥል ሁሉም ሰው የሚፈልጋችሁ በአንድ ሳምንት ነው። የእናንተ ማሳም በዚያው ሳምንት ነው የሚታረሰው። እኔ ብሆን የማን መሬት፣ ስንት ቃዳ፣ ስንት ጊዜ ብዬ በስም በስም እጽፋለሁ። ድምሩ በዓመት 300 ሰዓት ካልሞላልኝ ትራክተር ያለውን ሰው እከራያለሁ፤ ወይም ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር ተዋጥቼ እገዛለሁ። በጋራ ከሆነ ደግሞ ማን ቀድሞ እንደሚያርስ ከግዢው በፊት ይጻፍ። ሰኔ ላይ ወንድምና ወንድም ይጣላል።

አንድ የፈረስ ጉልበት ስንት ነው?

ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሦስቱን ውኃ ሙሏቸው። 75 ኪሎ ሆነ። ይህን በገመድ አስራችሁ ከጉድጓድ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ ብታደርጉት፣ ያወጣችሁት ጉልበት አንድ የፈረስ ጉልበት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚጎትት ጥንድ በሬም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ታዲያ ባለ 25ቱ ሃያ አምስት ጥማድ በሬ ነው? አይደለም። ውኃ ከምንጭ ተነስቶ በአፈር ቦይ ማሳ እስኪደርስ ስንቱ እንደሚሰርግ ታውቃላችሁ። የሞተር ጉልበትም እንደዚያ ነው።

የመጀመሪያው ስርገት ከፍታ ነው። ሞተር ናፍታውን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ለየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 25 የተባለው እዚህ ሲደርስ 20 ነው። ደባርቅ ቢወጣ ከዚያም ይወርዳል፤ መተማ ቢወርድ ይሻለዋል። ቱርቦ ማለት አየርን ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚከት ማራገቢያ ነው። እሱ ያለው ሞተር ከፍታውን ብዙም አይሰማውም።

ሁለተኛው ስርገት ካምቢዮው ውስጥ ነው። ከሞተሩ ከወጣው ውስጥ 85 በመቶ ገደማው ነው ከኋላ ወዳለው፣ ዕቃ ወደሚያዞረው መዘውር የሚደርሰው። 20ው 17 ሆነ። ሦስተኛው አፈሩ ነው። ጎማው በለሰለሰ አፈር ላይ ይሰምጣል፣ ይንሸራተታል። ማረሻውን ለመሳብ የሚቀረው ከ10 እስከ 12 ነው።

ሻጭ ባለ 25 ሲላችሁ አልዋሸም። እናንተ ግን የምትገዙት ማረሻው ጫፍ ላይ የሚደርሰውን ነው። «ቱርቦ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

በዚሁ አንድ ነገር ልጨምር። ቆላ ላይ ተስተካክሎ የነበረ ሞተር ደጋ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይበዛበታል። ናፍታው እንደ ድሮው ይመጣል፤ አየሩ ግን ቀንሷል። የሚጨሰው የገንዘባችሁ ናፍታ ነው። የናፍታ ፓምፕ የሚያውቅ መካኒክ መጠኑን ይቀንስላችኋል።

ታዲያ ትልቁን አልገዛም?

ሰው ሁሉ የሚያስበው ይህንን ነው። አጎቴም «እንግዲያ 50ው ይሁና!» ብለው ነበር።

ማሳው አርባ ሜትር ርዝመት ካለው ትልቁ ትራክተር ተነሳ ሲባል መዞር ይጀምራል። ጊዜው በመዞር ያልቃል፤ ጫፍ ጫፉም ሳይታረስ ይቀራል። በሁለት ማሳ መሀል ያለችው የእግር መንገድ አታሳልፈውም። ጎረቤት ድንበሬን ረገጥከኝ ይላል። ናፍታውም አለ። ባለ 25ቱ በመጠነኛ ሥራ ላይ በሰዓት ከ3 እስከ 4 ሊትር ይጠጣል፤ ባለ 50ው በዚያው ልክ ከሠራ እጥፉን። ናፍታ ለማግኘት ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሰው ይህን ልዩነት አያቃልለውም።

በእኔ ግምት ሁለት ሦስት ሄክታር ኖሮት የጎረቤትም ለሚያርስ ሰው፣ በጎንደር ከፍታ፣ ከ30 እስከ 40 ፈረስ ያለው ልኩ ነው። የጓሮ አትክልት ብቻ ከሆነ ባለ ሁለት ጎማውም አይናቅም።

ዋልካ ላይ ለምን ይንሸራተታል?

ደንቢያን የሚያውቅ ዋልካን፣ ጥቁሩን ጭቃማ አፈር፣ ያውቃል። በጋ ሲሆን እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፤ እንደ ጡብ ይደርቃል። ክረምት ሲገባ ጫማ ያወልቃል። መሀል ላይ የምትገኘው ለእርሻ የምትመች ጊዜ አጭር ናት።

ትራክተር የሚስበው በሞተሩ ብቻ አይደለም፤ በክብደቱም ነው። ጎማው አፈሩን መንከስ አለበት። እርሻ መሬት ላይ አንድ ትራክተር መሳብ የሚችለው በሚያሽከረክሩት ጎማዎች ላይ ካረፈው ክብደት ግማሽ ቢሞላ ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ ቀላል ትራክተር ጎማውን ያሽከረክራል እንጂ አይስብም። አራቱም ጎማ የሚያሽከረክር ትራክተር የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ የፊቱም ክብደት ሥራ ይገባል። ዋልካ ላይ ለሚያርስ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

ጎማውንም እዩት። ኮምፓክት ትራክተር በብዙ አገር ለሣር ማጨጃና ለግቢ ሥራ ስለሚሸጥ አንዳንዱ ጥርሱ አጭር በሆነ ጎማ ይመጣል። ለሣር ጥሩ ነው፤ አይቧጥጥም። ዋልካ ላይ ግን በአንድ ዙር ጭቃ ሞልቶት ሊጥ የተቀባ መዳመጫ ይመስላል። የእርሻ ጎማ ጥርሱ ረጅም፣ የተራራቀና እንደ ቀስት ጫፍ የተደረደረ ነው።

መንሸራተቱን መለካት ይቻላል። መሣሪያው ጠመኔና ሜትር ብቻ ነው። የኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋላችሁ። ማረሻው ተነስቶ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር ስንት ሜትር እንደሄደ ትለካላችሁ። ከዚያ ማረሻው ወርዶ እያረሰ 10 ጊዜ ሲዞር። ባዶውን 35 ሜትር ሄዶ እያረሰ 31 ከሄደ፣ 4 ሜትሩ ጠፍቷል፤ 11 በመቶ ነው። ከ10 እስከ 15 ጤነኛ ነው። ከ20 ካለፈ ናፍታና ጎማ እየበላ ነው፤ ክብደት ይጨመርበት ወይም ማረሻው ይነስ። ክብደት ለመጨመር ርካሹ መንገድ የኋላ ጎማ ውስጥ ውኃ መሙላት ነው። ጎሚስታው ሦስት አራተኛውን ውኃ፣ የቀረውን አየር ያደርገዋል።

ሌላው ማስጠንቀቂያ የእርጥበቱ ጉዳይ ነው። እርጥብ ዋልካ ላይ ከባድ ነገር ሲሄድበት አፈሩ ከታች ይጠቀጠቃል። ላዩ የታረሰ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሥር አያሳልፍም፣ ውኃም አያሰርግም። ከመግባት በፊት ከማረሻው ጥልቀት አፈር አውጡና በመዳፋችሁ መሀል አሹት። እንደ ክር ተድበልብሎ ከወጣ ገና ነው። ከተፈረፈረ ግቡ።

ከኋላው ያሉት ሦስት ክንዶች ምንድን ናቸው?

ድሮ ማረሻ በሰንሰለት ትራክተር ላይ ተንጠልጥሎ ይጎተት ነበር። ማረሻው ድንጋይ ሲይዘው ትራክተሩ ፊቱን አንስቶ ወደ ኋላ ይገለበጥና ነጂውን ከሥሩ ያደርገው ነበር። የሰሜን አየርላንዱ ሃሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1926 መፍትሔውን የባለቤትነት መብት አወጣበት። ስሙን ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ላይ ታውቁታላችሁ። ከታች ሁለት ክንድ፣ ከላይ አንድ፤ ማረሻውን በሦስት ነጥብ ይዘው ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል ያደርጉታል። ማረሻው አፈሩን ሲቆርጥ የሚሰማው ክብደት የኋላ ጎማውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ቀላል ትራክተር ከባድ ሥራ እንዲሠራ ያስቻለው ይህ ነው። ዛሬ ሁሉም የሚከተለው እሱን ነው።

ለገዢ የሚጠቅመው ደግሞ መለኪያው ነው። የኮምፓክት ትራክተር ክንዶች አብዛኛውን ጊዜ «አንደኛ ምድብ» የሚባሉት ናቸው። የታችኞቹ መቆለፊያ ዘንጎች ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 19 ነው። የትልቅ ትራክተር ዕቃ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ብትወስዱት አይገጥምም። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ትራክተር ያለ ዕቃ፣ ሞፈር የሌለው በሬ ነው። ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን ሁሉ ትራክተሩ ላይ ያፈስና ማረሻውን በብድር ይፈልጋል። ሁለቱን አብራችሁ ዋጋ አውጡ። ምን ዓይነት ዕቃ የሚለውን አፈሩ ይወስንላችኋል። ጭንጫ ከሆነ ዲስክ ማረሻ ይመረጣል፤ ድንጋይ ሲያገኘው ተንከባሎ ያልፈዋል። አፈሩን በሚሽከረከር ቢላ የሚፈጨው ሮታቫተር በአንድ ዙር የሽንኩርት መደብ አለስልሶ ይሰጣል፤ ያየው ሁሉ ይወደዋል። ድንጋይ ላይ ግን ቢላው ይሰበራል። ጉልበትም ይበላል፤ ለአንድ ሜትር ስፋት ከ25 ፈረስ ያላነሰ ይፈልጋል። ከላይ 17 የቀረችውን አስታውሱ። ባለ 25ቱ ጎንደር ላይ አንድ ሜትር ሮታቫተር ዋልካ ውስጥ ቢያስገባ ያቃስታል።

ጋቢ ለብሶ መንዳት ምን ችግር አለው?

ከኋላ በኩል ከሦስቱ ክንዶች መሀል ጥርስ ያለው አጭር ዘንግ አለ። ፒቲኦ ይባላል። የሞተሩን ጉልበት አውጥቶ ለሮታቫተር፣ ለፓምፕ፣ ለመውቂያ የሚሰጥ መዘውር ነው። የተለመደው ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ዙር ነው፤ በሰከንድ 9።

ዘንጉ ውፍረቱ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንዴ ሲዞር 11 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይጠቀልላል። በሰከንድ 9 ጊዜ ሲዞር አንድ ሜትር። አሁን የጋቢያችሁን ጫፍ አስቡት። ጎንበስ ብላችሁ ፓምፑን ስታዩ ጫፉ ዘንጉን ነካው። «ኧረ» እስክትሉ ድረስ ጋቢው ብቻ ሳይሆን ትከሻችሁ እዚያ ደርሷል። ሻሽ፣ ነጠላ፣ የተፈታ የጫማ ማሰሪያ፣ ሁሉም ያው ነው።

ለዚህ ነው ዘንጉ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን የሚኖረው። ያገለገለ ስትገዙ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ተሰብሮ ተጥሏል። ይተካ። ማንም ሰው ወደ ዘንጉ ከመጠጋቱ በፊት ደግሞ ሞተሩ ይጥፋ። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ተዳፋት ላይስ?

የጎንደር መሬት ሁሉ እንደ ደንቢያ ሜዳ አይደለም። በሬ ተዳፋቱን አግድም ያርሳል፤ ውኃው አፈሩን ይዞት እንዳይሄድ። ልክ ነው። ትራክተር ግን አግድም ሲሄድ አንዱ ጎኑ ዝቅ ይላል፣ ይገለበጣል። ቁልቁል ካረሰ ደግሞ ማሳው ክረምት ላይ ወንዝ ይገባል። ለዚህ መላ የለውም። ተዳፋቱ የበረታና እርከን የተሠራበት መሬት የበሬ መሬት ነው፤ ለዚያ አንድ ጥማድ ማስቀረት ያዋጣል።

መለስተኛ ተዳፋት ላይ የኋላ ጎማዎቹን አራርቆ ማሰር ይረዳል። ከመቀመጫው ጀርባ የቆመውን የብረት ቅስት ደግሞ አትንኩት። ትራክተሩ ቢገለበጥ ነጂው እንዳይጨፈለቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀበቶው አብሮት ይሠራል፤ ቅስቱ ኖሮ ቀበቶ ካልታሰረ ሰውየው ተወርውሮ ከሥር ይገባል። ዛፍ ሥር አላሳልፍ አለኝ ብሎ ቅስቱን ቆርጦ የጣለ ሰው አይቻለሁ።

ተሳቢ ይዞ ቁልቁለት ላይ በፎሌ መሄድ የለም። ትራክተር ለግራና ለቀኝ የተለያየ የፍሬን መርገጫ አለው፤ ማሳ ላይ ለመዞር ይጠቅማል። አስፋልት ሲወጣ ሁለቱ በመቀርቀሪያ ይያያዙ። አንዱ ብቻ ከተረገጠ ወደ ጎን ያሽከረክረዋል።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። ትራክተር እንኳ አልነበረም፤ የውኃ ፓምፕ ነው። ቀለሙ የሚያብረቀርቅ። ቤት ወስጄ በሦስተኛው ቀን ቀለሙ ተላጠ። ከሥሩ በብየዳ የተለጠፈ ስንጥቅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃ ሳይ ይከነክነኛል።

ያገለገለ ትራክተር ልታዩ ስትሄዱ ማልዳችሁ ሂዱ። ሻጩ ሳያሞቀው። ቀዝቃዛ ሞተር ነው እውነቱን የሚናገረው። ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ቢያወጣ ብርድ ነው፤ ሲሞቅ ካልጠፋ ግን ችግር አለ። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይነሳ ክፈቱ፤ ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ አመስግናችሁ ተመለሱ። የሞተሩ ዘይት እንደ ወተት ከነጣም እንደዚያው።

የሰዓት ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ፤ ይቀየራል። ይልቅ የእግር መርገጫውን ጎማ፣ መቀመጫውንና የክንዶቹን ቀዳዳ እዩ። ቆጣሪው 600 ሰዓት እያለ የፍሪሲዮኑ መርገጫ እንደ ማንኪያ ካበራ፣ አንዱ ይዋሻል። መርገጫ አይዋሽም።

ማረሻውን አስነሱና ሞተሩን አጥፉ። ከዚያ ተረጋግታችሁ ቡና ጠጡ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ማረሻው መሬት ከነካ ክንዶቹን በዘይት ግፊት የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ውስጥ የሚያፈስ ጎሚኒ አለ። ካምቢዮውን ደግሞ በሁሉም ማርሽ ሞክሩት። ፍሪሲዮን የሌለው፣ በእግር ብቻ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድ ዓይነትም አለ። ለግቢ ሥራ ምቹ ነው። ለእርሻ ግን ጉልበት ያባክናል፣ ሲበላሽም ጠጋኙ ጥቂት ነው። ተራው የማርሽ ካምቢዮ ይበቃል።

መለዋወጫውስ?

ማሂንድራ፣ ሶናሊካ፣ ኩቦታ፣ ጆን ዲር፣ ማሴ ፈርጉሰን፤ የትኛው ይሻላል ተብዬ እጠየቃለሁ። ሁሉም ያርሳሉ። ሐምሌ ላይ ፊልትሮ ሲያስፈልግ ጎንደር ውስጥ የሚገኝለት ነው የሚሻለው። ከመግዛት በፊት አምስት ነገር ጽፋችሁ መለዋወጫ ቤቶቹን ዙሩ፦ የናፍታ ፊልትሮ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የፊት ጎማ። «እናመጣዋለን» የሚለውን መልስ እንደ የለም ቁጠሩት። መንገድ ሲዘጋ አይመጣም።

ናፍታውንም ጠብቁት። በጀሪካን የመጣ ናፍታ ውኃና ቆሻሻ ይይዛል፤ የናፍታ ፓምፕ ደግሞ ለሁለቱም ትዕግሥት የለውም። ጀሪካኑን አንድ ቀን ሳይነቃነቅ አስቀምጡት። ሲቀዳ የመጨረሻዋን ሁለት ሊትር አትንኩ፤ ለብቻ አጠራቅማችሁ እንደገና አስጥሉት። በጨርቅ ማጥለል ቆሻሻውን እንጂ ውኃውን አያስቀርም።

ወረቀቱና ብሩስ?

የእርሻ ማሽኖች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከተፈቀደ ዓመታት ሆኖታል፤ ሻጩ ዋጋውን ሲያስረዳ ቀረጥ ካነሳ ለምን ብላችሁ ጠይቁት። ብሩ በአንዴ ካልሞላ ሊዝ የሚባለው መንገድ አለ። አከራዩ ድርጅት ትራክተሩን ይገዛል፣ እናንተ ቅድሚያ ከፍላችሁ ትሠሩበታላችሁ፣ የቀረውን በየጊዜው ትከፍላላችሁ፣ ሲያልቅ ስሙ ይዞርላችኋል። የመክፈያው ቀን እህል ከሚሸጥበት ወቅት ጋር እንዲገጥም ተከራከሩ። ነሐሴ ላይ ክፈል የሚባል ገበሬ ከየት ያመጣል?

ያገለገለ ከሆነ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዐይናችሁ አረጋግጡ። የሚነዳውም ሰው ለማሽነሪ የሚሰጠው መንጃ ፈቃድ ይኑረው።

አጎቴ ምን ወሰኑ?

ከአራት ጎረቤት ጋር ተቀምጠው ቆጠሩ። የአምስቱ መሬት ሲደመር 46 ቃዳ ሆነ። ተሳቢው ሲጨመርበት ሒሳቡ ተቀራረበ። ከዚያ ሻጩን «ማሳችን ላይ ካልሞከርነው አንገዛም» አሉት። ባለ 35 ይዞ መጣ።

ጠመኔውን ከልጅ ልጃቸው ቦርሳ ወሰዱ። ባዶውን 10 ዙር፣ 35 ሜትር። ማረሻው ሲወርድ 27። አጎቴ ፊደል እንጂ በመቶኛ አልተማሩም፤ ግን ስምንት እርምጃ እንደጠፋባቸው አይተዋል። «ይኼ በሬ ይሰንፋል» አሉ። ሻጩ ጎማው ውስጥ ውኃ አስሞልቶ በማግስቱ ተመለሰ። 31።

አራቱ ጎረቤቶች አጨበጨቡ። ሻጩ ወረቀቱን አወጣ። አጎቴ ከጋቢያቸው ሥር የተጣጠፈች ወረቀት መዘዙ፤ አምስቱ ዕቃ የተጻፈባት።

«ቆይማ» አሉት። «መጀመሪያ እስኪ ፊልትሮው የት ሱቅ እንዳለ አሳየኝ።»